ክንድ ተኩል ቱቦ ለሁለት ካርቡሬተር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለአሮን ፀጋዬ፤ ባለህበት ሻርጃ።

ሰላምታዬን ከማስቀደሜ በፊት፣ ኅሊናዬ አላስቀምጥ ስላለኝ፣ በአንተና በዚህ ሉክ ወረቀት ፊት ቆሜ አንድ በደል እናዘዛለሁ። እኔ ጽናት ፀጋዬ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪና የወጣቶች መዘምራን አባል፣ በሙሉ ጤንነቴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ የቤተ ክርስቲያናችንን የአትክልት ማጠጫ ቱቦ በእማዬ የሽንኩርት ቢላዋ ክንድ ተኩል ያህል ቆርጬ ወስጃለሁ። ቱቦው አረንጓዴ ነበር፤ የተረፈውም አሁን ድረስ አረንጓዴ ነው፤ አጠረ እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም። ጋሽ እንድርያስ ግን፣ ያው እንደምታውቃቸው የአጥቢያችን ሽማግሌና ማንም ሳይሾማቸው የጽጌረዳዎቹ ጠባቂ፣ ውሃው በሩ አጠገብ ያለችው የመጨረሻዋ ጽጌረዳ ጋ አልደርስ ብሏቸው ሌባውን እያሰሱ ነው። ትናንት ከጉባኤ በኋላ «ጽናትዬ፣ አንቺ ዓይንሽ ፈጣን ነው፤ እስቲ ተከታተይልኝ» አሉኝ። እየተከታተልኩላቸው ነው።

አሁን ቀለል ስላለኝ ወደ ሰላምታው ልመለስ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል አሮንዬ? ጤናህስ እንዴት ነው? ሙቀቱ ትንሽ በረድ አለላችሁ ወይ? ያ ወገቤን ያመኛል ያልከውስ ተሻለህ? እማዬ «ከስቶ እንደሆነ ጠይቂው» ብላኛለች፤ ነገር ግን የላክኸውን ፎቶ አይታ ከስቷል ብላ ስለወሰነች መልስህ ምንም ለውጥ አያመጣም። እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ አባባ በጉልበታቸው፣ እማዬ ደግሞ በአባባ ከማማረር በቀር።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትል። አባባ ከአንተ ጋር ሲያወሩ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ እንደሚለቁት ታውቃለህ፤ እኔ የምነግርህ ደግሞ አባባ ባሉበት የሚነገር አይደለም። ጎረቤታችን ረሂማ ነገ ወደዚያው ስለምትመለስ ደብዳቤውን በእጅህ ታደርሰዋለች። የላክሃቸውን ሁለት ካርቡሬተሮች በሻንጣዋ ይዛ ስትመጣ የሆነውን ነግራሃለች? ፈታሹ ከልብሷ መሃል አውጥቶ ምንድን ነው ቢላት «ወላሂ እኔም አላውቀውም፤ ብቻ የአንዲት አሮጊት ልብ ነው ብለውኛል» አለችው አሉ። ሰውዬው አሮጊቷን ጌታ ይማራት ብሎ አሳለፋት።

አሮጊቷ እንግዲህ ቮልሳችን ናት። አንተ ከሄድክ ወዲህ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ስታሳድር ከረመች። ቁልፍ ሲዞርላት ትነሳለች፤ የሐረጎን ዳገት ግን አልወጣም አለች። ወደ ኮምቦልቻ ትወርድና ስትመለስ ዳገቱ መሃል ላይ እንደ ደከማት ሴት ቁጭ ትላለች። እማዬም ልብስ የማሰጣበት አጣሁ ማለት ጀመረች። ይሄኔ አቶ አግማስ ከች አሉ። አቶ አግማስ ከእኛ ዝቅ ብሎ ቧንቧ ውሃ መንገድ ላይ አዲስ ካፌ የከፈቱት ሰውዬ ናቸው፤ ቮልሷን የሚፈልጓት ሊነዷት አይደለም። ሞተሯን አውጥተው፣ በሞተሯ ቦታ አፈር ሞልተው፣ ቀይ አበባ ተክለው ካፌያቸው በር ላይ ሊያቆሟት ነው። ሜትር ይዘው መጥተው ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሲለኳት ቆሜ አየሁ፤ የሬሳ ሣጥን ሊያሠሩላት የመጡ ነበር የሚመስሉት።

አባባ «ልጄ ዕቃ ልኮላታል፤ ሐረጎን እየዘፈነች ነው የምትወጣው» አሉ። አቶ አግማስ ሳቁ። አባባ ሰው ሲስቅባቸው ምን እንደሚሆኑ አንተ አታጣውም። እዚያው በጋሽ እንድርያስ ፊት ቃላቸውን ሰጡ። ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ተነሥታ በራሷ ጉልበት ደሴ ከገባች ከእንግዲህ ማንም ሜትር ይዞ አይጠጋትም፤ መንገድ ላይ ገመድ ከታሰረባት ግን ከነገመዱ የአቶ አግማስ ናት። አባባ አንዴ ቃል ከሰጡ እንደማያጥፉ ታውቃለህ። አሮንዬ፣ ልትሄድ ስትል የሞተሩን ክዳን ከፍተህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «ሐረጎን የወጣች ቀን ንገሪኝ፤ መጥቼ የምነዳት እኔ ነኝ» ነበር ያልከኝ። አበባ የተተከለባትን መኪና ሊነዳ ከሻርጃ ማን ይመጣል?

ቅዳሜ ማለዳ ቱቦዬን ቀሚሴ ሥር ሸጉጬ ከአባባ ጋር ወረድን። መውረዱ ችግር የለውም፤ መውረድማ አቶ አግማስም ይችላሉ። ፒክአፓቸውን ይዘው ከኋላ ከኋላችን መጡ፤ ወንበሩ ላይ አዲስ ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ እንዲያውም ቀበቶ አስረውለት ነበር መሰለኝ።

ኮምቦልቻ ጋሽ ምንይሉ ጋራዥ ገባን። አንተ ሥራ የለመድክባቸው ጋሽ ምንይሉ አሁንም ያው ናቸው፤ አርባ ዓመት ቮልስ ፈትተው አንዴም ተሳስቻለሁ ብለው አያውቁም። ሁለቱን ካርቡሬተሮች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ባስቀመጥንላቸው ጊዜ አማተቡ። «አንድ ሞተር፣ ሁለት ካርቡሬተር? ፀጋዬ፣ ይኼ እኮ ሁለት ሚስት ማግባት ነው! አንዷን ሲያባብሏት ሌላዋ ታኮርፋለች» አሉ። አባባም ኮስተር ብለው «እኛ ቤት የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው» አሉ። እንደ ምንም አሮጌውን ከመሃል ነቅለው አዲሶቹን አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ መግጠም ጀመሩ። እያንዳንዱ ቤንዚንና አየር እየቀላቀለ ለሁለት ሁለት ሲሊንደር ይተነፍሳል፤ ቤንዚን ሲረገጥ እኩል እንዲከፈቱ ደግሞ አንድ ዘንግ ያያይዛቸዋል። አንተ ይህን እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ እኔም እንደማውቅ እንድታውቅ ብዬ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ግን ቁጭ ብለህ አንብብ። ካርቡሬተሮቹ በመጡበት ካርቶን ክዳን ላይ በእጅህ የጻፍክልን መመሪያ ነበር አይደል? እኔ ዓርብ ዕለት እማዬ ዕቃ እጠቢ ብላ እስክትጠራኝ ድረስ እኩሌታውን አንብቤዋለሁ፤ ሁለቱ እኩል እንዲተነፍሱ በጎማ ቱቦ አዳምጡ የሚለውን ያየሁትና የቱቦው ኃጢአት ውስጥ የገባሁት በዚያው ነው። አባባ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቻቸውን «በመጀመሪያ መመሪያውን አንብቡ!» እያሉ በቀይ እስክሪብቶ ሲያስለቅሱ የኖሩት አባባ፣ «መነጽሬን ረስቻለሁ» ብለው ክዳኑን ለጋሽ ምንይሉ ሰጧቸው። ጋሽ ምንይሉ ገለበጡት፤ አጠፍ አደረጉት፤ ውፍረቱን በጥፍራቸው ሞከሩት። «ደህና ካርቶን ነው» አሉና ካርቡሬተሩ የሚቀመጥበት ላይ አጋድመው ዙሪያውን በመዶሻ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አድርገው ጓርኒሲዮን ቆረጡበት! ከሥር ንጣፍ የሚሆን ወፍራም ወረቀት አጥተው ለካ ከጠዋት ጀምሮ ካርቶን ሲፈልጉ ነበር። ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ ምክርህ አልባከነም፤ ቮልሷ ውጣዋለች። እኔ ከመሬት ያነሣሁት ቁራጭ ላይ የቀረው ጽሑፍ «ለደሴ ትንንሾቹን» የሚል ብቻ ነው። በላስቲክ ያሰርካቸውን የጥፍር ያህል፣ መሃላቸው የተበሳ ሁለት ናሶች ደግሞ ጋሽ ምንይሉ «ትርፍ ዕቃ ነው» ብለው የአሮጌ ብሎን ጣሳ ውስጥ ሲወረውሯቸው አይቼ፣ ዞር ሲሉ አውጥቼ ከቁራጩ ጋር ኪሴ ከተትኳቸው። ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም፤ አንተ የማያስፈልግ ነገር እንደማትልክ ብቻ ነው የማውቀው።

ሞተሩ ተነሣ። ግን እንዴት ያለ አነሣስ! ልምምድ እንደቀረባቸው ዘማሪዎች ነበር፤ ግራው ሁለተኛውን ስንኝ ሲጀምር ቀኙ ገና ጉሮሮውን ይጠርጋል። አባባ «ግራው ነው የበዛበት» ይላሉ፤ ጋሽ ምንይሉ «የለም፣ ቀኙ ነው ያነሰው» ይላሉ። የአባባ ግራ ጆሮ ከድሮም አይሰማም፤ የጋሽ ምንይሉን ሁለቱንም መዶሻ ጨርሷቸዋል፤ ከአራት ጆሮ አንድ ብቻ እየሠራ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። በመጨረሻ የተስማሙት ምሳ እንደ ደረሰ ነው። አቶ አግማስንም አስከትለው ሄዱ። ጋሽ ምንይሉ በሩ ላይ ዞር ብለው «እንዳትነኪ!» አሉኝ። አንዴ ብቻ። አንተ ብትሆን ሦስት ጊዜ ትለኝና ካቻቢቴውንም ይዘህ ትሄድ ነበር።

ሁለቱን የሚያያይዘውን ዘንግ ፈታሁት፤ እያንዳንዱ ለብቻው እንዲናገር። የቱቦውን አንድ ጫፍ ጆሮዬ ውስጥ፣ ሌላውን ግራው ካርቡሬተር አፍ ላይ አደረግሁ፤ ሽሽሽሽ ይላል፣ እንደ ተናደደች ድመት። ወደ ቀኙ ሳዞረው በቀጭኑ ስስስ፣ እንደ እማዬ በጸሎት ሰዓት ዝም በሉ ስትል። የግራውን ሚኒሞ፣ ያችን ነዳጅ ሳይረገጥ የሞተሩን ፍጥነት የምትጠብቀውን ብሎን፣ በትንሹ ወደ ኋላ፤ የቀኙን በትንሹ ወደ ፊት፤ እንደገና ማዳመጥ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ከዚያ የቤንዚንና የአየሩን ድብልቅ የምታስተካክለውን ብሎን ሞተሩ እስኪንገዳገድ ማጥበቅ፣ እፎይ እስኪል ማላላት። እጄን ሁለት ቦታ አቃጠልኩ። አሮንዬ፣ ሁለቱ ድምፆች የገጠሙባትን ቅጽበት ብታያት! ቱቦውን ከግራ ወደ ቀኝ ሳዞረው ልዩነት ጠፋ። ዘንጉን መልሼ አሰርኩና ሳብ ባደርገው አንድ ላይ እምምም አለች፤ በበሩ የሚያልፍ ባጃጅ ነጂ ሳይቀር ቆሞ «የማን ናት?» አለኝ። «የወንድሜ» አልኩት።

ሽማግሎቹ ሲመለሱ ቱቦው ቀሚሴ ሥር ገብቷል፤ እኔም መጽሐፍ ቅዱስ እያነበብኩ ነበር። አባባ ድምፁን ሰምተው ጋሽ ምንይሉን «ከምሳ በፊት የነካኻት ሠራች ማለት ነው» አሏቸው። ጋሽ ምንይሉ መቼ እንደነኳት ትንሽ አሰቡና «ሥራዬ እንደ ወጥ ነው፤ ትንሽ ሲያድር ይጥማል» አሉ። ደስ ስላላቸው ሐረጎን አብሬያችሁ ካልወጣሁ ብለው ከፊት ተቀመጡ።

ከኮምቦልቻ እስክንወጣ በረርን። ዳገቱን ስንጀምር ግን መጀመሪያ ድምፁ ወፈረ፤ ቀጥሎ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተን፤ ከዚያ በኋላው መስተዋት ጥቁር ጭስ አየሁ። ጋሽ ምንይሉ «አኮረፈች» አሉ። የትኛዋ ብዬ ልጠይቃቸው ነበር፤ የአባባን ፊት ሳይ ተውኩት። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ሁለት ጊዜ ሳለችና ቆመች። ቁልፍ ቢዞር፣ ቢዞር፣ ወይ ፍንክች። አቶ አግማስ ከኋላ መጥተው አለፉን፤ ፒክአፓቸውን ከፊታችን አቆሙ፤ ያንን አዲስ ገመዳቸውን አወጡ። አሮንዬ፣ ያኔ ሳቄ ሁሉ ጠፋ። አባባ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደ ጨበጡ ቀሩ። እንደዚያ ሆነው ያየኋቸው አንተን ሸኝተን የተመለስን ቀን ብቻ ነው።

ኪሴ ውስጥ እጄን ሳስገባ ቁራጭህ ነካኝ። ለደሴ ትንንሾቹን። ከኮምቦልቻ ደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡሬተሮቹ ግን አሁንም ኮምቦልቻ ያሉ እየመሰላቸው ያንኑ ያህል ቤንዚን ያፈሱባታል። አልታመመችም! ከልክ በላይ አብልተዋት አንቋት ነው። ለላይኛው አገር ቀዳዳው ጠበብ ያለ ናስ ያስፈልጋታል፤ እሱ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነው።

ብናገር ማን ይሰማኛል? ጋሽ ምንይሉ ትርፍ ዕቃ ነው ብለዋል። አቶ አግማስ ገመዱን ሊያስሩ ጎንበስ ሲሉ አባባ ድንገት ከመኪናው ወርደው «ከመታሰሩ በፊት እንጸልይ» አሉ። አቶ አግማስ ገመዱን እንደያዙ አጎነበሱ። ጋሽ ምንይሉ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈኑ። የአባባን ጸሎት ታውቀዋለህ፤ ለምሳ እንኳ ሲጸልዩ ከፍጥረት ነው የሚጀምሩት።

ዓይንን ገልጦ መጸለይ ኃጢአት ከሆነ ይኼ ሁለተኛው ኑዛዜዬ ነው። አባባ ብርሃን ይሁን ሲሉ ካቻቢቴ ይዤ የኋላውን የሞተር ክዳን ከፈትኩ። ኖኅ መርከቡን ሳይጨርስ የግራውን የውጭ ብሎን ፈትቼ ሰፊዋን ናስ አወጣሁ፤ ቤንዚኑ ክንዴ ላይ ወረደ። አብርሃም ከአገሩ ሲወጣ ጠባቧ ገባች። ወደ ቀኙ ዞርኩ። ቀይ ባሕር ሲከፈል ያኛዋም ወጣች፤ ነገሩ ሁሉ አማረልኝ ስል፣ ዳንኤል አንበሶቹ ጋ ሲደርስ ሁለተኛዋ ጠባብ ናስ ከተቃጠለው ጣቴ አምልጣ መሬት ወደቀች። የጥፍር ያህል እኮ ናት! በጉልበቴ ተንበርክኬ ጠጠሩን ስዳብስ አባባ ወንጌል ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ይፈጥናሉ። ጌታ ሆይ፣ ትንሽ አቆይልኝ አልኩ፤ ከልቤ የጸለይኩት እሷን ብቻ ነው። አባባም ድንገት ስለ ሻርጃ ልጃቸው መጸለይ ጀመሩ። ስለ ጤናህ፣ ስለ ሥራህ፣ ስለ መንገድህ፣ በሰላም ስለ መመለስህ። መመለስህን ሁለት ጊዜ ደገሙት። ናሷን ጎማው ሥር አገኘኋት። አሜን ሲሉ ክዳኑን ገጥሜ፣ እንደ ሁሉም አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ፤ ከሁሉም የእኔ ይጮህ ነበር።

አባባ አቶ አግማስን «አንዴ ብቻ ልሞክራት» ብለው ቁልፉን አዞሩ። ሁለት ጊዜ ጥቁር ተፋች፤ በሦስተኛው ተነሣች። ከዚያማ ምን ልበልህ! ጥምዙን ሁሉ እየበላች ወጣች፤ ጋሽ ምንይሉ በሩን እንደያዙ «ቀስ! ቀስ በል ፀጋዬ!» ይላሉ፤ አባባ ይስቃሉ፤ አቶ አግማስ ገመዳቸውን ጠቅልለው እስኪጨርሱ እኛ ጫፉ ላይ ነን። ደሴ ከታች ስትታየን አባባ ክላክሱን ነክተው እስከ ቧንቧ ውሃ አልለቀቁትም። ጋሽ እንድርያስ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አጭር ቱቦ ይዘው ቆመዋል፤ ሲያዩን «ጌታ ይመስገን!» ብለው ጮኹና ወዲያው ወደ ቱቦው ተመልሰው ግንባራቸውን ቋጠሩ።

ትናንት እሑድ አባባ ምስክርነት ሰጡ። ሐረጎ ላይ የሞተች መኪና በጸሎት ተነሣች አሉ፤ ጉባኤው ሃሌ ሉያ አለ፤ እኔ መዘምራን መሃል ቆሜ ከንፈሬን ነክሻለሁ። ጋሽ ምንይሉ ደግሞ ኮምቦልቻ ሆነው ያችን ሞተር እኔ ነኝ ያዋለድኳት እያሉ ነው አሉ። እግዚአብሔር አልሰማቸውም አላልኩም፤ አባባን ያን ያህል ያስረዘማቸው፣ ናሷንም ጎማ ሥር ያስቀመጠልኝ ማን ሆኖ! ብቻ ካቻቢቴው በማን እጅ እንደ ነበር አንድ ሰው እንኳ ቢያውቅልኝ ብዬ ነው ለአንተ መጻፌ። ለአባባ ብናገር ጉባኤው ይስቅባቸዋል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ምስጢር ነው። ደብዳቤውንም የምጽፍልህ ማንም እንዳያየኝ ቮልሷ ውስጥ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፤ ቱቦዬም አጠገቤ ናት። እንግዲህ ሐረጎን ወጥታለች፤ ነገርኩህ። ቃልህ ቃል ነው።

እማዬ ፀሐይነሽ «ብላ፣ ጠጣ፣ ልብስ ደርብ» ብላሃለች፤ ሙቀት ነው ብላት አልሰማ ብላለች። አባባ በጸሎት እንደማይረሱህ እኔ ምስክር ነኝ። የረሂማ እናት ዱዓ እያደረጉልህ ነው። አብሮህ ለሚኖረው ለሰማኸኝ ሰላም በልልኝ፤ አንተ ስትተኛ ስለምታንኮራፋ አዝንለታለሁ በልልኝ። ጋሽ እንድርያስም ሰላም ብለ

ጉድ ፈላ! ጋሽ እንድርያስ ግቢ ገብተው በመስኮት ሲያዩኝ ዓይናቸው ቱቦዋ ላይ አረፈ። «ፀጋዬ! ና፣ ና!» እያሉ ነው። አባባ ከቤት ወጡ። እማዬ ደግሞ ዛሬ የቅዳሜ ቀሚሴን እያጠበች ነበር፤ ኪሴን ረስቼዋለሁ! አባባ በአንድ እጃቸው ሁለቱን ሰፋፊ ናሶች፣ በሌላው ያንተን ቁራጭ ካርቶን ይዘው፣ በዚህ ጊዜ መነጽራቸውን አድርገው፣ እያነበቡ ወደ መኪናዋ እየመጡ ነው። ቱቦውን አልቆረጥኩም ማለት እችል ነበር። ግን ቆረጥኩ ካልኩ ለምን ይሉኛል፤ ለምን ካሉኝ ደግሞ የሠራሁትን ሁሉ ማሳየት እችላለሁ። ልደብቃት ያነሣኋትን ቱቦ መልሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት።

«ጽናት! ጽናት ፀጋዬ!»

ከነአባት ስሜ ነው የጠሩኝ። ድምፃቸው ግን የቁጣ አይመስልም፤ ድሮ ክፍል ውስጥ መልሱን የሚያውቅ ልጅ ወደ ሰሌዳ ሲጠሩ የሚያወጡት ድምፅ ነው። ወይም እኔ እንደዚያ መስሎኝ ይሆናል። አቤት አባባ ልል ነው።

እህትህ ጽናት
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ቮልሷ ውስጥ
ሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.